በጃፓንኛ የጻፍኩት መዝገብ

ባለፈው ሳምንት ከለቡ መብራት ኃይል ወደ ላፍቶ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። መኪናዋ ጃፓን አገር አገልግላ አርጅታ የመጣች ናት። እዚህ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ቀብተዋት፣ በበሩ ውስጠኛ በኩል የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ግን ሳይፍቋት ቀርተዋል። ረዳቱ በሩን ወርውሮ ሲዘጋው ጆሮዬ ጮኸ። «ቀስ ብለህ ዝጋ ነው የሚልህ» አልኩት። «ማነው የሚለኝ ፋዘር?» አለ። ጽሑፏን በጣቴ እየተከተልኩ መጀመሪያ በጃፓንኛ አነበብኩለት፣ ከዚያ ተረጎምኩለት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ልጅ ስልኳን አውጥታ «እስቲ አንዴ ይድገሙት» አለች፤ ደገምኩላት። ረዳቱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «ይገርማል! እኔ እኮ ጌጥ መስሎኝ ነው» አለና ሂሳቤን አልቀበልም ብሎ መለሰልኝ። ቀጥሎ ጠየቀኝ፦ «እና ፋዘር፣ ጃፓን ስንት ዓመት ኖሩ?»

«ወራጅ አለ» ብዬ ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

የወረድኩበት ቦታ ድሮ የጤፍ ማሳ ነበር። እኔ ላፍቶ ጎጆ ስቀልስ ጎረቤቶቼ ገበሬዎች ነበሩ፤ ጠዋት ከቤቴ ተነስቼ በክረምት ቦት ጫማ፣ በበጋ ሸራ ጫማ አድርጌ በባቄላውና በጤፉ መካከል እስከ ንፋስ ስልክ አስፋልት በእግሬ እሄድ ነበር። ጫማዬን መሥሪያ ቤት በር ላይ እቀይራለሁ፤ ቆዳው ጫማ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ዘበኛው ቤት ያድራል። አሁን እዚያ ማሳ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ከሥሩ የሞባይል መጠገኛ፣ የዳቦ ቤትና የሕፃናት ልብስ መሸጫ ተደርድሯል። እኔ የሠራሁበት ግቢ ደግሞ የሴራሚክ መሸጫ ሆኗል። አንድ ቀን ገብቼ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ የሚገዛ መስዬ ዞር ዞር ብያለሁ። መጽሐፍ ቤቱ የነበረበት ክፍል ውስጥ ሽንት ቤት መቀመጫ ተደርድሮ አየሁ። ሻጯ «የቻይና ነው አባቴ፣ ጠንካራ ነው» አለችኝ።

ያ ዘመን መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ማኪያቶ ከአንድ ብር በታች፣ የከተማ አውቶቡስም በሳንቲም ነበር። ሴቶቹ ትከሻው በስፖንጅ የተነሳ ኮት ይለብሱ ነበር፤ ወንዶቹ ሰፊ ሱሪ በሰፊ ቀበቶ። እኔ ግን በሳፋሪዬ አልደራደርም። ካኪ ሳፋሪ፣ ከደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ከግቢያችን ፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ቀኑን ሙሉ እሱኑ እየመለሰ ስለሚያሰማን እኛም ሳንወድ ሸምድደን እንገባለን። ዛሬም አንዳንዱ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ የሚታየኝ ዘፋኙ ሳይሆን ያ ጠባብ ክፍልና የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት ነው።

ጃፓንኛ እንዴት እንዳወቅሁ ልናገር፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣሁት ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ፊቴ ላይ ሲኮሩ በልቤ የምስቀው ለዚህ ነው፤ እነሱን አስተምረዋቸው ነው፣ እኔን ማንም አላስተማረኝም። በወጣትነቴ ጃፓኖች ይሠሩበት በነበረ አንድ ፋብሪካ የመለዋወጫ መጋዘን ተላላኪ ነበርኩ። ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ስለሌለ አንድ ዕቃ ሲፈለግ አሥር ሳጥን ይከፈታል። እኔ ስድስት ወር ሳይሞላኝ ሳይከፈት «ይሄ ኩሽኔታ ነው፣ ይሄ ቺንጊያ ነው» እያልኩ እለይ ጀመር። አንዱ መሐንዲስ ነገሩ ገርሞት ልጆቹ የተማሩባቸውን የፊደል መጻሕፍት አመጣልኝ። ዘመን ተለውጦ አገራቸው ሲገቡም ወፍራም መዝገበ ቃላት ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ የሚያናግረኝ ሰው ሳይኖር ብቻዬን አጠናሁ። ባለቤቴ ብርቄ፣ ድምፄን አውጥቼ ስለማመድ ጎረቤት ሲጠይቃት፣ «ከግድግዳው ጋር ተጣልቶ ነው» ትላቸው ነበር። ሃያ ዓመት! ይህን ያደረገ ሌላ ሰው በዚህ ከተማ ካለ ይምጣና ይተዋወቀኝ።

እንግዲህ በዚያ በማኪያቶው ዘመን፣ ስሙን የማልጠራው ኮሌጅ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሳለሁ፣ አንድ ወሬ መጣ። ጃፓን አገር ያለ አንድ ድርጅት በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የጃፓን ጥናት ክፍል እንዲከፈት ይረዳል። መጻሕፍት ይልካል፣ ቴፕና ቪዲዮ ይልካል፣ የአስተማሪውንም ደመወዝ ራሱ ይችላል። ከእኛ የሚፈለገው አንድ መማሪያ ክፍል፣ አንድ የመጽሐፍ ክፍልና ንብረቱን የሚጠብቅ ሰው ነው። ተስማሙ። አስተማሪው ሳይደርስ መጻሕፍቱ ቀድመው መጡ፤ ግቢው ውስጥ በጭነት መኪና አሥራ ሁለት ሳጥን ወረደ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ዘውዴ ይባላል። አጭር፣ መነጽሩ ወፍራም፣ ማኅተሙን በክር አስሮ ኪሱ ውስጥ የሚይዝ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ሳጥን አስከፍቶ አንዱን መጽሐፍ አገላበጠ፤ ከየት ወዴት እንደሚከፈት እንኳ ግራ ገባው።

«ደምሴ፣ ይሄን የሚያነብ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ አለ?»

«ፊትህ ቆሟል» አልኩት።

ስለዚህ የተረከብኩት እኔ ነኝ። የመንግሥት ቤት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ በሚባለው የንብረት መረከቢያ ቅጽ ላይ የፈረመ ሰው ዕቃውን ለሌላ ሰው ቆጥሮ እስኪያስረክብ ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ሊዛወር፣ ሊለቅ፣ ጡረታ ሊወጣ ቢፈልግ ክሊራንስ ይጠየቃል፤ ክሊራንስ የሚሰጠው የሚረከበው ሰው ሲፈርም ነው። ይህን እያወቅሁ አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብዬ መዝገቡን ሠራሁ። «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ዓምድ ሥር የስድስት መቶ አሥራ ሁለቱን መጻሕፍት ስም በሙሉ በጃፓንኛ ጻፍኩ። በአማርኛ አንድ ቃል የለበትም። እያንዳንዱ ፊደል እንደ ታተመ ቀጥ ያለ፣ ሥርዝ ድልዝ የሌለው። እንደዚያ ያለ መዝገብ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተሠራም።

ዘውዴ አይቶ ደነገጠ። «ይሄ ምን ዓይነት ጠልሰም ነው?»

«የመጽሐፉ ስም ነዋ።»

«በአማርኛ ተርጉመህ ብትጽፈውስ?»

«ስም ይተረጎማል? አንተንስ ተርጉሜ ልጥራህ?»

«እሺ፣ ቢያንስ ቁጥር ጽፈህ ጀርባቸው ላይ በሙጫ ለጥፍ።»

«በእንደዚህ ያለ መጽሐፍ ላይ ሙጫ? የዘመድ ፊት ላይ ትለጥፋለህ እንዴ?»

ሳቀና ገጽ በገጽ ማኅተሙን መታበት። ያን ቀን የመታው በእኔ ላይ እንደሆነ እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁ።

ከወር በኋላ አስተማሪው ደረሰ። ተማሪዎቹ ሰንሰይ ይሉታል፤ በነሱ ቋንቋ መምህር ማለት ነው። ቀጭን፣ ዕድሜው የማይታወቅ፣ ሰላምታ ሲሰጥ ከወገቡ የሚጎነበስ። ዘበኛችን ደግሞ የድሮ ሰው ናቸው፤ እጅ ነስቶ ቀድሞ ቀና ማለት ነውር ይመስላቸዋል። በየጠዋቱ ሁለቱ በር ላይ አምስት ስድስት ጊዜ እየተጎነባበሱ ሠራተኛውን ያስረፍዱ ነበር። ሰንሰይ መዝገቤን ያየ ዕለት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ከዚያ ተነስቶ ለእኔ ጎንበስ አለ። እንደ አገሩ የአክብሮት አጠራር፣ «ደምሴ ሳን፣ ይህን ያስተማረህ ማነው?» አለኝ። «ደምሴ» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ያቺ ክፍል ሆነች። አራት እርምጃ በሰባት እርምጃ ናት። ሁለት ቁልፍ፣ ፍርግርግ መስኮት፣ ከመስኮቱ ማዶ የጎረቤት የጡብ ግድግዳ። ንፋስ ስልክ ስሙም ንፋስ ነው፣ ንፋሱ ግን እዚያ ክፍል አይገባም። ከእኔ በቀር የሚፈርም ስለሌለ ዓመት ፈቃድ ስወጣ ክፍሉ ይታሸጋል፣ ተማሪዎች መጽሐፍ አያገኙም፣ ሰንሰይም ያዝናል፤ ስለዚህ ፈቃድ መውጣት ተውኩ። እህቴ ፍቼ ስታርፍ ክፍሉን የሚያሽጉት ሦስት ሰዎች እስኪሰባሰቡ ግማሽ ቀን ቆሜ ጠበቅሁ። ስደርስ ቀብሩ አልቆ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። «መጽሐፍ ነው ያስቀረህ?» አለኝ ወንድሜ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ እንኳ አንዳንዴ ኪሴን እዳብሳለሁ፤ ቁልፍ የምፈልግ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ደብዳቤ መጣ። የጃፓኑ ድርጅት ከሚረዳቸው የውጭ አገር ኮሌጆች ሁሉ አንዳንድ የመጽሐፍ ክፍል ሠራተኛ ቶኪዮ ወስዶ ዘጠኝ ወር ያሠለጥናል። በመጋቢት መጨረሻ መድረስ አለበት፤ ዕድሜው ሃምሳ ያልሞላ ይሁን ይላል። ሰንሰይ የእኔን ስም ጽፎ ላከ፤ ተቀባይነት አገኘሁ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሚመጣው ዓመት አይሆንም፤ ያ ዓመት ወይም በጭራሽ።

ላፍቶን በሙሉ ነገርኩ። ሳሪስ ሄጄ ግራጫ ሙሉ ልብስ አሰፋሁ። የሠፈሩ እድር በኅዳር መጀመሪያ ሽኝት አደረገልኝ፤ በግ ታረደ፣ ጋቢ ተሸለምኩ፣ የእድሩ ዳኛ ተነስተው «የላፍቶ ልጅ ጃፓን ሊያስተምር ነው» አሉ። ሊማር ነው ብዬ አላረምኳቸውም። ምን የሚያርም ነገር አለው?

ክሊራንስ ስጠይቅ ነው ነገሩ የተገለጠው። ዘውዴ መዝገቡን ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አየውና ዘጋው።

«ማን ይረከብህ?»

«አንተ ሰው መድብ እንጂ።»

«ሁሉንም ጠየቅሁ። ማንም ለማያነበው ነገር አልፈርምም ይላል፤ እኔም አልፈርምም። ነገ አንዱ ጠፋ ቢባል ምን ብዬ ነው የማስፈልገው? እንዲህ እንዲህ የተጫረበት ያለ ልበል?»

ሰንሰይ እኔ ልረከብ አለ፤ የውጭ አገር ዜጋ በኮንትራት የመጣ ነውና ንብረት በስሙ አይሆንም ተባለ። ተማሪዎቹ ሠራተኞች አይደሉም። መዝገቡን በአማርኛ እንደገና ልጻፈው አልኩ፤ ዘውዴ ራሱን ነቀነቀ፦ «ማኅተም ያረፈበት መዝገብ አይቀየርም። አዲስ ለመክፈት አሮጌው መመርመር አለበት፤ አሮጌውን ማን ይመረምራል?» ለዲኑ አመለከትኩ። ማመልከቻዬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በመመሪያው መሠረት ይፈጸም» ተብሎ ተመለሰ። ያን ዕለት ክፍሌ ገብቼ መደርደሪያዎቹን አየኋቸው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት መጻሕፍት፣ ሁሉም ጀርባቸውን ወደ እኔ አድርገው ቆመዋል።

ህይወት የምትባል የጃፓን ጥናት ክፍሉ ጸሐፊ ነበረች። የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፤ ጴንጤ ናት፣ ታይፕ ስትመታ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ሥራዋን ከጨረሰች ሰንሰይ ክፍል ከኋላ ገብታ እንደምትቀመጥ አውቅ ነበር፤ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እሷ ናት በሩ ላይ ቆማ፣

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ብረከብዎትስ?» ያለችኝ።

«አንቺ? ስንት ፊደል ታውቂያለሽ?»

«ሁለት መቶ ያህል።»

«መዝገቡ ውስጥ ያለው ከሺህ በላይ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ እንጀምራ።»

ጀመርን። በየቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ወደ አውቶቡስ ሲሮጥ፣ እኔና እሷ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ይዘን እንቀመጣለን። ልናገር አይገባኝም እንጂ የተዋጣልኝ አስተማሪ ነበርኩ። እያንዳንዱን ፊደል በታሪክ አስያዝኳት፤ ይሄ ዛፍ ነው፣ ሁለት ሲሆን ጫካ ነው፣ ይሄ ሰው ዛፍ ሥር አርፎ ነው እያልኩ። እሷ በመዝሙር ዜማ ታስይዘው ነበር። «እንደሱ አድርገሽ ጌታሽን በጃፓንኛ ልታመሰግኚ ነው?» ስላት፣ «እርስዎም ይግቡና አብረን እናመስግን» ትለኛለች። በሦስት ወር ውስጥ እኔ በሦስት ዓመት የያዝኩትን ያዘች። የአስተማሪው ጉብዝና ነው።

የካቲት ላይ ርክክቡ ተጀመረ። ህይወት መጽሐፉን ከመደርደሪያ ታወርዳለች፣ ስሙን ታነባለች፣ መዝገቡ ላይ ፈልጋ ምልክት ታደርጋለች፤ ዘውዴና ሌላ አንድ ሰው እያዩ ይቆጥራሉ። ኮሚቴው የሚቀመጠው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። አንድ ሐሙስ አንዱ ለቅሶ ሄደ፣ አንድ ማክሰኞ ስብሰባ ተጠራ። መጋቢት አጋመሰ። ሊሄድ ዘጠኝ ቀን የቀረው ሰው ነኝ፣ መቶ አርባ መጻሕፍት ቀርተዋል፤ እነሱም የታሪክ መጻሕፍት፣ ፊደላቸው የድሮ፣ ክብደታቸው የድንጋይ።

«ህይወት፣ ልጄ፣ ቀሪውን ፈርሚልኝ» አልኳት።

«አላነበብኳቸውም ጋሽ ደምሴ።»

«እኔ አንብቤልሻለሁ።»

«የሚጠየቀው የፈረመው ነው ብለው እርስዎ አይደሉ የነገሩኝ?»

«ደምሴ የመዘገበው መጽሐፍ ይጎድላል?»

«ይጎድላል አላልኩም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ መፈረም ውሸት ነው። ውሸት አልፈርምም።»

«ጴንጤ መሆንሽ ገና ዛሬ ታወቀኝ!»

«ከገባሁ ጀምሮ መቼ ደበቅኩ?»

ዘውዴ አቀርቅሮ ወረቀቱን አስተካከለ። ሰንሰይ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አማርኛ ብዙ ባይሰማም የኔን ፊት አንብቦ ገባው። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፤ አልፈረመችም። ከዚያ ቀን በኋላ እያንዳንዱን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት እየገለጠች አነበበች። ስትጨርስ ፋሲካ አልፎ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ዘውዴ ክሊራንሱን ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። አጥፌ ግራጫው ኮት ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ነፃ ነበርኩ፤ ወዴትም የማልሄድ ነፃ ሰው።

ከሁሉ የከበደኝ ላፍቶ ነበር። የተሸኘ ሰው ሳይሄድ ሲቀር ምን ይባላል? እድሩ ውስጥ አንድ ሰው «ጃፓን እንዴት ነበር?» ብሎ ከምሩ ጠየቀኝ፤ አልሄደም ብሎ የነገረው የለም። ከሠፈር ሰው ለመሸሽ የለመድኩትን የማሳ መንገድ ትቼ በፉሪ በኩል መዞር ጀመርኩ፤ የአርባ ደቂቃው መንገድ ሁለት ሰዓት ሆነ። መሥሪያ ቤት ደግሞ ሥራ የለኝም። ቁልፉ ህይወት ዘንድ ነው። እኔ በጻፍኩት መዝገብ፣ እኔ በደረደርኩት መደርደሪያ፣ እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታውሳለች። ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። ብርቄ ዳቦ ጋገረች፤ በላሁ፤ ምን ምን እንደሚል አላስታውስም።

በዓመቱ ያው ደብዳቤ ተመልሶ መጣ። ሰንሰይ የህይወትን ስም ላከ።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ኮሪደር ላይ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። ክሊራንስ እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ። መጻሕፍቱን ማንበብ የሚችል ሠራተኛ ከእኔ ሌላ እንደሌለም ነገረችኝ፤ የማላውቀው ይመስል።

«እረከባለሁ» አልኳት። «ግን እኔም ያላነበብኩትን አልፈርምም።»

ገባት። ፊቷ ትንሽ ቀላ፣ ከዚያ ተመለሰ። «ያንብቡ ጋሽ ደምሴ። ወንበር አመጣልዎታለሁ» አለችና ከራሷ ወንበር ላይ ትራሱን አንስታ የኔ ላይ አደረገችው።

አነበብኩ። እንዴት እንዳነበብኩ ልናዘዝ። ስሙን ብቻ አልነበረም፤ ያሳተመውን፣ የታተመበትን ቦታ፣ ማውጫውን ሳይቀር። በየመሃሉ መነጽሬን አወልቄ እጠርጋለሁ። ማክሰኞ አሥራ አምስት፣ ሐሙስ አሥራ ሁለት። ወገቤን አመመኝ ብዬ አንድ ሳምንት ቀረሁ። ህይወት አንድ ቀን እንኳ ፍጠኑ አላለችኝም። መጽሐፉን በሁለት እጇ ታቀብለኛለች፣ በሁለት እጇ ትቀበለኛለች፤ ይህን ከሰንሰይ ነው የተማረችው። መዝሙር ማንጎራጎሯን ግን ትታ ነበር። ዘውዴ አንድ ሐሙስ ስንወጣ ክንዴን ይዞ፣ «ደምሴ፣ ይሄ ንባብ ነው ወይስ ሌላ ነገር?» አለኝ። «ንባብ ነው» አልኩት። እጄን ለቀቀው።

መጋቢት እንደገና ሊያልቅ ደረሰ። ልትሄድ አምስት ቀን ሲቀራት ከመቶ ሰማንያ በላይ መጻሕፍት ቀርተው ነበር። ያን ሐሙስ ስንጨርስ፣ ህይወት የወረዱትን መጻሕፍት በቦታቸው እየመለሰች ሳታየኝ ተናገረች፦

«ይበቃል ጋሽ ደምሴ። አይደርስም፤ እኔም እቀራለሁ። አምና ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። ግን እርስዎ ከቀሩ ጀምሮ በዚህ በር በገባሁ ቁጥር ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

መነጽሬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ነገሩን ለብርቄ አጫወትኳት፤ የምትደግፈኝ መስሎኝ። ጎመን እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አንተ አልሄድክም፤ እሷንም አስቀራት። ከዚያ ሁለታችሁም እዚያች ክፍል ገብታችሁ ተፋጥጣችሁ ትቀመጣላችሁ። ያ ድርጅት ጃፓን አገር ሆኖ መጽሐፍ የላከው ሰው እንድታስሩበት ነው?»

«እሷ እኮ ናት ያስቀረችኝ።»

«እሷ ናት መዝገቡን በጠልሰም የጻፈችው?»



በማግስቱ ዓርብ ነው፤ የኮሚቴ ቀን አይደለም። ዘውዴን ከቢሮው ጎትቼ አመጣሁት፤ ሁለተኛውንም ሰውዬ ከሻይ ቤት። ህይወት ታይፑ ላይ ነበረች። ቁልፉን አምጪ አልኳት፤ ከፈተች። ቀሪዎቹን መደርደሪያዎች በዓይኔ ከላይ እስከ ታች አየኋቸው፤ እያንዳንዱ እኔ ያቆምኩት ቦታ ላይ ነው። መዝገቡን ዘረጋሁና እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

«ሳያነቡ?» አለች ህይወት።

«ከማንም በፊት አንብቤያቸዋለሁ። የጻፍኳቸው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«እንግዲያው ይሄን ሁሉ ሳምንት...»

«እሱን ተይው።»

በመጨረሻው ገጽ፣ ከፊርማዋ በታች፣ እጄ እንደ ልማዱ በጃፓንኛ ሊጀምር ነበር። ያዝኩት። ማንም ነገ ተነስቶ ይሄ ምንድነው ብሎ እንዳያስቆማት፣ ኤርፖርት ድረስ የሚያሳድዳት ጥያቄ እንዳይኖር፣ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱንም መጻሕፍት ተረክቤያለሁ። ከእንግዲህ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ደምሴ።»

ዘውዴ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገና ድምፁን አውጥቶ፣ ቃል በቃል አነበበው። ከዚያ መዝገብ ውስጥ ያነበባት ብቸኛዋ መስመር እሷ ናት። ማኅተሙን ከኪሱ በክሩ ስቦ አወጣና መታ። ህይወት መዳፏን ዓይኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ እንደ ሰንሰይ ከወገቧ ጎንበስ ልትል ስትል ትከሻዋን ይዤ ቀና አደረግኳትና እንደኛ አገር ሦስት ጊዜ ሳምኳት። «ሂጂ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ» አልኳት። ማክሰኞ ሄደች። ዘጠኙ ወር ሲያልቅ ሌላ ትምህርት አገኘች፤ ዛሬ እዚያው ታስተምራለች፤ በየእንቁጣጣሹ ትደውልልኛለች፣ በጃፓንኛ ነው የምናወራው፤ የእኔ አነጋገር ከእሷ የድሮና የጠራ ነው።

ያን ዓርብ ግን እሷ ከወጣች በኋላ እኔና ዘውዴ ክፍሉ ውስጥ ቀረን። ቁልፉ መዳፌ ላይ ነበር። ዘውዴ መደርደሪያውን፣ ፍርግርጉን፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ደምሴ፣ ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ? አሁን እኮ አንተን የሚረከብህ በዚህ አገር የለም።»

«አለ።»

«ማነው?»

«አንተ ነህ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሥራ የለህም። በሦስት ወር አስይዝሃለሁ።»

ዘውዴ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከመነጽሩ ሥር እንባውን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። እኔ ጠመኔውን ፍለጋ መሳቢያውን ከፈትኩ።